ሆርሞኑ በክኒን ወይስ በፕላስተር?

ታላቅ እህቴ ሌሊት ብርድ ልብሱን ገፍፋ ትነሳለች። በላብ የራሰ ትራሷን ገልብጣ መልሳ ትተኛለች። ማረጥ እንዲህ ሲያስቸግር ሐኪም ኢስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ሊያዝ ይችላል። የሚዋጥ ይሻላል የሚለጠፍ?

አጠቃቀም፦ ክኒኑ በየቀኑ ይዋጣል። ፕላስተሩ ከእምብርት በታች ወይም መቀመጫ ላይ ይለጠፋል፤ አብዛኛው በሳምንት ሁለቴ ይቀየራል። ጡት ላይ አይለጠፍም።

ዋጋ፦ ክኒኑ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ መጀመሪያ በጉበት ስለሚያልፍ ደም የመርጋት አደጋን ከፍ ያደርጋል። ፕላስተሩ በቆዳ በኩል በቀጥታ ደም ውስጥ ስለሚገባ ይህ ስጋት በጣም ያንሳል። ቆዳን ግን ሊያሳክክ፣ በላብም ሊላቀቅ ይችላል።

ማህፀኗ ያልወጣ ሴት የትኛውንም ብትመርጥ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላ ሆርሞን አብራ መውሰድ አለባት። ኢስትሮጅን ብቻውን የማህፀን ግድግዳ ካንሰር አደጋን ይጨምራል። የጡት ካንሰር ይዟት የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ አይመከሩም። እባካችሁ፣ እህቶቼ፣ ይህን ለሐኪም ሳትነግሩ እንዳትጀምሩ።

ውፍረት ወይም ማይግሬን ካለባት፣ በቤተሰቧም ደም የረጋበት ሰው ካለ፣ እኔ ፕላስተሩን አስቀድማለሁ። ሌላ ሕመም የሌለባት፣ ቆዳዋ ቶሎ የሚቆጣ ወይም ፕላስተር እንደልብ የማታገኝ ሴት ግን ክኒኑ ይስማማታል።