የጋራ ገቢ በብሎክቼይን ሲከፋፈል፦ ስፕሊትስ፣ ሴፍ፣ ኮርዲናፕ ወይስ የተቀዳ ኮንትራት?

«አብረን እንሠራለን፣ ክፍያው በክሪፕቶ ይገባል፤ በምን ብንከፋፈል ይሻላል?» ጓደኞቼ ይህን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ መልሴን አንዴ ልጻፈው። የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በመቶኛ ከታወቀ ስፕሊትስን (ገቢን በመቶኛ የሚያከፋፍል የብሎክቼይን መሣሪያ) ያዙ፤ ድርሻውን የመቀየር ሥልጣን ደግሞ ለሴፍ፣ ማለትም የብዙ ሰው ፊርማ ለሚጠይቀው የጋራ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ)፣ ስጡ። ሌሎቹም የሚሆኑበት ቦታ አለ። ለዚህ ሥራ ግን እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ከዋጋ እንጀምር። ብዙ ቡድን ገንዘቡን አንድ ዋሌት ውስጥ ሰብስቦ በየወሩ በእጅ ይልካል። ነፃ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በኢቴሪየም ብሎክቼይን ዋናው ኔትወርክ ላይ ተራ የኢተር (የኔትወርኩ የራሱ ገንዘብ) ዝውውር 21,000 ጋዝ (የመላኪያ ክፍያ የሚሰላበት መለኪያ) ይበላል። የዩኤስዲሲ (ሰርክል የተባለው ድርጅት የሚያወጣው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ቶክን ወይም ዲጂታል ገንዘብ) ዝውውር ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ 60,000 ብለን እንያዘው። የጋዝ ዋጋ 20 ግዌይ (የኢተር ቢሊዮንኛ) ሲሆን አንዱ ዝውውር 0.0012 ኢተር ይወስዳል። ኢተር 2,500 ዶላር ከሆነ ይህ 3 ዶላር ነው። 12 ሰው ካላችሁ በወር 36፣ በዓመት 432 ዶላር ለመላኪያ ብቻ ይወጣል። የጋዝ ዋጋው ሲንር ደግሞ እጥፍ ድርብ ነው።

ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ይዛችሁ ዋናው ኔትወርክ ላይ አትግቡ። ዴንኩን ከተባለው የማርች 2024 የኢቴሪየም ማሻሻያ ወዲህ እንደ ቤዝ፣ አርቢትረምና ኦፕቲሚዝም ባሉ ሌየር 2 (በኢቴሪየም ላይ የተደረቡ) ኔትወርኮች አንድ ዝውውር ብዙ ጊዜ ከሳንቲም አያልፍም። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ የአባላችሁ አድራሻ የኤክስቼንጅ (የክሪፕቶ መገበያያ ድርጅት) ከሆነ ያ ኤክስቼንጅ ኔትወርኩን መቀበሉን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ካልተቀበለ ገንዘቡን ማስመለስ ትልቅ ጣጣ ነው፤ አንዳንዴም አይመለስም።

የስፕሊትስ ኮንትራት (ብሎክቼይን ላይ ተቀምጦ ገንዘቡን በራሱ የሚያከፋፍል ኮድ) ራሱ ኮሚሽን አይቆርጥም፤ የምትከፍሉት ጋዝ ብቻ ነው። ደንበኛው ወደ አንድ አድራሻ ይልካል፣ ኮንትራቱ በመቶኛው ይከፍላል። እኔ የምመርጠው እያንዳንዱ ሰው ድርሻውን ራሱ የሚያወጣበትን ዓይነት ነው። የማውጫውን ጋዝ ባለድርሻው ይችላል፤ ትንሽ ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ እስኪጠራቀምለት ይጠብቃል። ከሁሉ በላይ የአንዱ ችግር ለሌላው አይተርፍም። ለሁሉም በአንዴ የሚልክ ኮንትራት በደንብ ካልተጻፈ አንድ አድራሻ ሲከሽፍ የሁሉም ክፍያ ይቆማል። ለምሳሌ ሰርክል አንድን አድራሻ ካገደ ወደዚያ ዩኤስዲሲ አይላክም፤ በዚያ ሰውዬ ምክንያት አሥራ አንዱ ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «የራሳችሁን ኮንትራት በርካሽ እንሠራላችኋለን» የሚሉ አሉ። ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ከሌላ ቦታ ተቀድቶ ስሙ የተቀየረ ፎርጅድ ነው። አንድ የማውቀው ቡድን እንዲህ ያለውን ገዛ። በኢተር ሲሞክሩት ሠራ። ከዚያ ደንበኛቸው በዩኤስዲቲ (ሌላው የዶላር ቶክን) ከፈለ። ገንዘቡ ገባ፣ አልወጣም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ አብዛኞቹ ቶክኖች ሲዘዋወሩ «ተሳክቷል» የሚል መልስ ይሰጣሉ፤ በኢቴሪየም ላይ ያለው ዩኤስዲቲ ግን ምንም አይመልስም። የተቀዳው ኮንትራት ያንን መልስ እየጠበቀ ዝውውሩን ሁሉ ይሰርዛል። ጥሩ ኮንትራቶች ይህን ከጥንቱ ያውቁታል። ሠሪው ሲጠየቅ «ኮዱ አንዴ ከወጣ አይስተካከልም» አለ፤ መቀየሪያ ሳይተውለት የወጣ ኮድ ነውና በዚህስ አልዋሸም። እነሱ ግን እስከ ዛሬ ገንዘባቸውን በስክሪን ያዩታል እንጂ አይነኩትም።

ሌላም አለ። ዩኤስዲሲና ዩኤስዲቲ በኢቴሪየም ላይ 6 የአስርዮሽ ቦታ ነው ያላቸው፤ አብዛኞቹ ቶክኖች 18። ይህን ያልለየ ቅጂ ሂሳቡን ያበላሻል። የታወቀ ስም እንኳ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፦ በኖቬምበር 2017 ፓሪቲ የተባለው ድርጅት የሠራቸው ዋሌቶች የሚጋሩትን አንድ ኮድ አንድ ሰው በማጥፋቱ ከ513,000 በላይ ኢተር ታስሮ ቀርቷል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ኮዱ በኤተርስካን (የኢቴሪየም መዝገብ የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ተረጋግጦ መታየቱን፣ ከውጭ የኦዲት ምርመራ ማለፉንና ማን ሊቀይረው እንደሚችል እዩ። ሻጩ በአንዱ ላይ ከተንተባተበ ተዉት።

ሴፍ ብቻውን ለማከፋፈል ይሆናል፤ ግን በየወሩ ፈራሚ ማሳደድ ነው። አንዱ ስልኩን ከዘጋ ሁሉም ይጠብቃል። ጥቅሙ ሌላ ቦታ ነው። ስፕሊትስን ማንም እንዳይቀይረው አድርጋችሁ ከከፈታችሁት፣ የዋሌቱ ቁልፍ የጠፋበት አባል ድርሻ በየወሩ እየገባ ለዘላለም ይታሰራል። የስፕሊትሱ አዛዥ ከአምስት ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ሴፍ ከሆነ ግን አድራሻውን ትቀይሩለታላችሁ። በእርግጥ ሦስቱ ከተስማሙ የእናንተንም መቶኛ መቀነስ ይችላሉ፤ ፈራሚዎቹን ስትመርጡ ይህን አስቡ።

ኮርዲናፕ ጥያቄው ይለያል፦ ማን ስንት ይገባዋል? በ2021 የርን ከተባለው የክሪፕቶ ፕሮጀክት ሰፈር የወጣ ነው። እያንዳንዱ አባል በተለምዶ 100 ነጥብ ይሰጠውና ለባልደረቦቹ ያከፋፍላል፤ ለራሱ አይሰጥም። ድርሻ በየወሩ ለሚቀያየርበት ቡድን ደስ ይላል። ችግሩ፣ ብዙ የሚያወራው ብዙ ነጥብ ያገኛል፤ ማታ ማታ ስህተት ሲያርም የሚያድረው ይረሳል። ለመለኪያ ተጠቀሙበት፣ ውጤቱን ተነጋገሩበት፣ ከዚያ ቁጥሩን ስፕሊትስ ውስጥ አስገቡ።

ሳብሊየርና ሱፐርፍሉይድ የተባሉት መሣሪያዎች ደግሞ በየሰከንዱ ለሚንጠባጠብ ደመወዝ ናቸው። መቼ እንደሚገባ ለማይታወቅ ገቢ አይሆኑም።

የትኛውንም ብትመርጡ ደንበኛ በሚከፍልበት ቶክን ሁሉ መጀመሪያ 5 ዶላር አስገቡ። እያንዳንዱ አባል ድርሻውን አውጥቶ ዋሌቱ ውስጥ ይየው። ያ ሳይሆን አድራሻውን ለደንበኛ አትስጡ።