«30 እጥፍ» የተባለው አጉሊ መነጽር፣ መናገሻ ጫካ ውስጥ

ይህን በኪስ የሚያዝ ተጣጣፊ አጉሊ መነጽር በ450 ብር ገዛሁት። ሣጥኑ ላይ «30 እጥፍ» ተብሎ ተጽፏል። ውሸት ነው። ቤት ገብቼ በማስመሪያ ስለካው ነገር ጠርቶ የሚታየው ከመስተዋቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲርቅ ነው፤ ዓይን ያለ መነጽር በቅርብ አጥርቶ ያይበታል የሚባለው ርቀት 25 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 25 ለ2.5 ሲካፈል አሥር፤ የሚያጎላው አሥር እጥፍ ብቻ ነው ማለት ነው። እውነተኛ 30 ቢሆን ኖሮ ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች መጠጋት ነበረብኝ። ልመልሰው ቦርሳዬ ውስጥ እንደያዝኩት በመስከረም መጨረሻ መናገሻ ሱባ ሄድኩና ሐሳቤን ቀየርኩ።

እዚያ ጫካ የገባ ሰው ሁሉ ሽቅብ ያንጋጥጣል፤ ጽድ፣ ዝግባ፣ ጉሬዛ። እኔ ግን አንድ ትልቅ ጽድ ሥር፣ ሳር መካከል፣ ጥፍር የምታህል ሐምራዊ አበባ አየሁ። ስልኬ ላይ ያለው የዕፅዋት መለያ መተግበሪያ በሦስት ፎቶ ሦስት ስም ሰጠኝ፤ አንዱ የአውሮፓ አበባ ነው። አልፈርድበትም፤ እሱ የሚያየው ፊቷን ብቻ ነው።

ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ። መነጽሩን ዓይኔ ላይ ለጥፌ ፊቴን ወደ አበባዋ አስጠጋሁ (ብዙ ሰው መነጽሩን ከዓይኑ አርቆ ይይዝና «አይሠራም» ይላል)። ከኋላዋ አጭር ጅራት የመሰለች ከረጢት አለች። የቅጠሏ ዘንግ ከግንዱ በሚጋጠምበት ቦታ ትንንሽ ቅጠሎች ተቀምጠዋል፤ ጠርዛቸው እንደ ነጠላ ዘርፍ የተተለተለ ነው። በዚህ ለየኋት፤ በሳይንሳዊ ስሟ ቪዮላ አቢሲኒካ ናት፤ ከእኛ ደጋ አልፋ በምሥራቅ አፍሪካ ተራሮችም ትበቅላለች። ሳልቀጥፋት ተነሣሁ።

ለእንሶስላማ መነጽር አያስፈልግም። እናቴ ሥሯን ወቅጣ እጇንና እግሯን ስታቀላ ያየሁ ሰው ነጩን አበባዋን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ከኢትዮጵያ ውጭ የማትበቅለው ቀይ ዘመዷም ቢሆን በዓይን ትለያለች።

ወደ ዕቃው ልመለስ። የማጠፊያው ብሎን በሁለተኛው ሳምንት ላላ። ክር ማሰሪያ ቀዳዳ የለውም። ጥላ ሥር ብርሃን ያጥረዋል፤ ጀርባን ለፀሐይ መስጠት አይቻልም፣ ራስ ይጋርዳል። መስተዋቱ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ትንሽ ያጣምማል። አሥር እጥፍ እንደሚያጎላ መነጽር ቆጥሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ የሚገዛው ሰው አይጸጸትም።

ሱቁ ተመልሼ ሣጥኑን ብቻ ለሻጩ ሰጠሁት። መነጽሩ አንገቴ ላይ ነው፣ ቀዳዳ ባይኖረውም በተጠመጠመ የጫማ ክር።