ፕላንትኔት፦ አሉማን ከአረም ለመለየት ምን ያህል ይረዳል?

ፕላንትኔት በፈረንሳይ የምርምር ተቋማት የተሠራ፣ በነፃ የሚጫን የስልክ መተግበሪያ ነው። በጓሮና በበቆሎ ማሳ በክረምት የሚበቅለውን፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላውን አሉማ ለመለየት ጥሩ ረዳት ነው፤ ዳኛ ግን አይደለም።

ሁሉም ነገር የሚወሰነው በፎቶው ነው። ከላይ የተነሳ አንድ ቡቃያ ብዙ ግምቶችን ያመጣል። አንድ ቅጠል ቀጥፎ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ማንሳት፣ ከዚያ አበባውን መጨመር፣ ክፍሉንም «ቅጠል» ወይም «አበባ» ብሎ መምረጥ ያስፈልጋል። ኔትወርክ ከሌለ ፎቶውን ይዞ ቆይቶ መጫን ይቻላል።

ስሙ በላቲን «አማራንተስ» (የአሉማ ወገን መጠሪያ) ብሎ ከመጣ በዓይን ማረጋገጥ የግድ ነው። የአሉማ ቅጠል ጠርዙ ጥርስ የለውም፣ ግንዱ ላይ እየተፈራረቀ ይወጣል፣ በቅጠሉ ጀርባ ጅማቶቹ ጎልተው ይታያሉ። አበባው እንደ ዘለላ የተጠጋጋ፣ ዘሩም ደቃቅና አንጸባራቂ ነው።

ትልቁ ስጋት መርዛማው አስተናግር ነው፤ እዚያው ማሳ ላይ ይበቅላልና። ሲያድግ በተቆራረጠ የቅጠል ጠርዙ፣ በነጭ መለከት መሳይ አበባውና በእሾኻም ፍሬው ይታወቃል፤ ሲታሽም ይከረፋል። በለጋነቱ ግን ያሳስታል፤ ስለዚህ ቡቃያ ላይ በመተግበሪያው ብቻ ተማምኖ መብላት ፈጽሞ አይገባም።

የተረጋገጠውን አሉማ ሳያብብ ለጋ ቅጠሉን ቀጥፎ፣ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት በቅጠሉ ውስጥ ያለውን፣ ሲበዛ ለኩላሊት የማይበጀውን ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ፀረ አረም የተረጨበት ማሳ ላይ ያለውን ግን መተው ነው፤ ይህን ስልክ አይነግርም።