ሸዋ ሮቢትን ፍቼ ያስቀመጠው ሶፍትዌር፦ የ11 ወር ልምዴ

ይህን ሶፍትዌር እንድንገዛ ስብሰባ ላይ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጥፋቱን ስናገር የራሴንም ድርሻ አልደብቅም።

የምሠራው ደብረ ብርሃን፣ አንድ የኢንሹራንስ ቅርንጫፍ ውል ክፍል ውስጥ ነው። ድሮ አረቦን (ደንበኛው ለመድኑ የሚከፍለውን ገንዘብ) የምናሰላው በኤክሴልና በልምድ ነበር። አንድ ነባር ሠራተኛ "ይሄ ሰፈር ውሃ ይገባዋል" ካለ እንጨምራለን። ካላለ እናልፋለን። የስጋት ማስያ ሶፍትዌሩ ጥቅምት ላይ ሲገባ እፎይ ብዬ ነበር።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አራት ነገር ያገናኛል፦ አደጋውን፣ ንብረቱ ያለበትን ቦታ፣ ንብረቱ በአደጋው ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ በውሉ መሠረት የሚከፈለውን ገንዘብ። 10,000 ዓመት ያህል በምናብ ያስኬድና በአማካይ በዓመት ስንት ኪሳራ እንደሚጠበቅ ይነግርሃል። በ100 ዓመት አንዴ የሚመጣው አደጋ ስንት እንደሚያስከፍልም ያሳይሃል። የጠለፋ መድን ሰጪ (ለኛ ለኢንሹራንሶቹ መድን የሚሰጥ ኩባንያ) ፊት ይህን ቁጥር ይዞ መቀመጥ ትልቅ ነገር ነው። የመሬት መንቀጥቀጡ ክፍል እንዲያውም ጎበዝ ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውን የካራቆሬ መንቀጥቀጥ ሳይቀር መዝግቦታል።

ነሐሴ ላይ ግን አንድ ደንበኛችን ከሸዋ ሮቢት ደወሉ። የማሾ ነጋዴ ናቸው። ሮቢ ወንዝ ሞልቶ መጋዘናቸው ገብቷል።

በማግስቱ ጣርማበርን ወርደን ሄድን። ውሃው ሸሽቷል፤ ጭቃው ግን ግድግዳው ላይ መስመር ሠርቶ ቀርቷል። ሰውየው ከጎኑ ቆመው በመዳፋቸው አሳዩኝ። ወገባቸው ድረስ ነው። የታችኛው ረድፍ ጆንያ አብጧል። አንዱን በቢላ ቀደድ አደረጉልኝ። ማሾው ውሃ ጠጥቶ በቅሏል፤ ነጭ ነጭ ጭራ አውጥቷል። ዋጋ እስኪጨምር ብለው ያቆዩት እህል ነበር። "እናንተ ግን ይሄ ቦታ ጎርፍ አያሰጋውም ብላችሁኝ አልነበር ልጄ?" አሉኝ። ብለናቸዋል። እኔው ነኝ ያልኳቸው።

ቢሮ ተመልሼ ውሉን ከፈትኩ። የጎርፍ ስጋት፦ ዜሮ። ከፍታ፦ ከ2,700 ሜትር በላይ። ሸዋ ሮቢት እኮ 1,280 ሜትር ገደማ ነው! ቆላ ነው፤ ላብ የሚያጠምቅ ቦታ። ካርታውን ስጫነው ነጥቡ ፍቼ ላይ አረፈ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሶፍትዌሩ የግዕዝ ፊደል አይቀበልም። የከተማውን ስም በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንዱ "ሸዋ" ይላል፣ ሌላው "ሾአ"፣ ሌላው ሁለቱን ቃል ያጣብቀዋል። ስሙን ሲያጣው ዝም ብሎ ወደ ዞኑ ዋና ከተማ ይወስደዋል። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ አማራ ክልል ያለው የኛው ነው፣ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ሌላው ኦሮሚያ ክልል ያለው፣ ዋና ከተማው ፍቼ። ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን መረጠ። እኛን ግን አልጠየቀንም። አንድ ቀይ ምልክት እንኳ አላወጣም። ቁጥሩን እስከ ሁለት አሐዝ ነጥብ ድረስ አሳምሮ አወጣና አስፈረመን።

የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ሻጩ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ፦ "የምታስገቡት መረጃ ጥራት የናንተ ኃላፊነት ነው።" እሺ፣ ይሁን። ስሙን አንድ ወጥ አድርገን አለመጻፋችን የኛ ጥፋት ነው። ግን ወንድሜ፣ ቦታውን ካላወቅከው አላውቀውም በል! ለጎርፍ ስሌት ከወንዝ 50 ሜትር መራቅና 500 ሜትር መራቅ ሰማይና ምድር ነው። አንተ ንብረቱን ሌላ ክልል ወስደህ ታስቀምጥና ዜሮ ትለኛለህ? ገለጻ ስታደርግልን የፍሎሪዳን አውሎ ነፋስ ቤት በቤት እያጎላህ አሳየኸን። እኔም አፌን ከፍቼ አየሁ። "እስቲ ሸዋ ሮቢትን አሳየን" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ካሳውን ከፍለናል። ከዚያ ሦስት ቀን ቁጭ ብለን ውሎቹን አንድ በአንድ ካርታ ላይ አየናቸው። አጣዬ ያለ ሱቅ፣ መሐል ሜዳ ያለ ወፍጮ ቤት፣ ሁሉም ፍቼ ተከማችተዋል። በዚህ ቁጥር ነው ለካ ለጠለፋ መድን ሪፖርት ያደረግነው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አሁን ውል ከመፈረሙ በፊት አንድ ሰው ንብረቱ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ጂፒኤሱን ይወስዳል። ቁጥሩ በእጅ ይገባል። እንዲህ ስናደርግ ሶፍትዌሩ በትክክል ይሠራል፤ የነጋዴው መጋዘን አሁን ወንዙ ዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል። አረቦኑም በዚያው ልክ ወጥቷል። ለሰውየው ደውዬ ምክንያቱን ሳስረዳቸው ጥቂት ዝም አሉና "ዕቃውን ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ብደረድረው ይቀንስልኛል?" ብለው ጠየቁኝ። ርብራቡን አስገብቼ አሰላሁት። ቀነሰ።

የሶፍትዌሩ ፈቃድ የሚታደሰው ጥቅምት ላይ ነው። ሥራ አስኪያጃችን አስተያየቴን በጽሑፍ ጠይቀውኛል። ቦታው ሳይታወቅ ስሌት እንዳይጀምር የሚያደርግ ማስተካከያ እንዲሠሩልን ለሻጮቹ ጽፌያለሁ። መልሳቸው በደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ በኔ በኩል እጅ አይወጣም።