ከሮም ወደ ፖምፔይ «የአንድ ቀን ፓኬጅ» ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ጣሊያን ለእረፍት የምትመጡ ወገኖች፣ ሮም ከደረሳችሁ በኋላ ፖምፔይን ማየት ያምራችኋል። ቢያምራችሁም አይፈረድባችሁም። ቬሱቪየስ ተራራ እ.ኤ.አ. በ79 ፈንድቶ የቀበራት የሮማውያን ከተማ ናት። መንገዷ፣ ዳቦ ቤቶቿ፣ የሕዝብ መታጠቢያዎቿ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈው የምርጫ ቅስቀሳ ሳይቀር ዛሬም ይታያል። እኔ የማስጠነቅቃችሁ ስለ ከተማዋ አይደለም። «ፖምፔይና አማልፊ በአንድ ቀን፣ መግቢያ የተካተተ፣ ያለ ወረፋ» እየተባለ ሮም ውስጥ ስለሚሸጠው የአውቶቡስ ፓኬጅ ነው (አማልፊ ከፖምፔይ ወዲያ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው)።

ሮም የሚኖር ሐበሻ እንግዳ አያጣም። በቅርቡ አክስቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር ከሜሪላንድ መጥታ ነበር። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ካለ የጉዞ ቢሮ ፓኬጁን ገዝተው ጠበቁኝ። ለሰው 139 ዩሮ። አንቺም ሳትሄጂ አይሆንም ብላ አክስቴ ለእኔም ጨመረች። አክስትን ደግሞ እምቢ አይባልም። በአምስት ሰው 695 ዩሮ ወጣ ማለት ነው።

ቀኑ እሁድ ነበር፤ የወሩ የመጀመሪያ እሁድ። ይህን ያዙልኝ።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ተነሱ ተባልን። አውቶቡሱ ግን ከተማውን እየዞረ ከየሆቴሉ ሰው ሲለቅም ብዙ ቆየ። ከሮም ፖምፔይ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ለቡና ቆምን፤ እሺ። ከዚያ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ቶሬ ዴል ግሬኮ የምትባል ከተማ አንድ ትልቅ ሱቅ በር ላይ አወረዱን። ከተማዋ በዛጎልና በኮራል ቅርጻ ቅርጽ በእውነት የታወቀች ናት፤ ጌጦቹም ያምራሉ። ነገር ግን ጌጥ ልግዛ ያለ ሰው አልነበረም። አንዲት ሴት ዛጎል እንዴት እንደሚቀረጽ ለትንሽ ደቂቃ አሳየችን፤ የቀረውን ጊዜ በመስታወት መደርደሪያዎች መሐል ስንንጎራደድ አሳለፍነው። አስጎብኚያችን ከባለ ሱቁ ጋር ቡና ይጠጣል። ፕሮግራሙ ላይ ይህ ማቆሚያ «የአካባቢ ጥበብ ጉብኝት» ተብሎ ተጽፏል። እንዲህ ዓይነት ነገር ፕሮግራም ላይ ካያችሁ ሱቅ ማለት ነው።

ፖምፔይ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። አስጎብኚው ቲኬት አደለን። አየሁት፤ ነፃ ይላል። ጣሊያን ውስጥ በወሩ የመጀመሪያ እሁድ የመንግሥት ሙዚየሞችና የአርኪኦሎጂ ቦታዎች መግቢያ ነፃ ነው። ለማንም። ፓኬጁ ላይ ግን «መግቢያ የተካተተ» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ ዋጋውም ከሌላው ቀን በሳንቲም አልቀነሰም። ስጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀና ባንዲራውን ከፍ አድርጎ ሄደ።

ይህ ብቻ ቢሆን ይሁን በተባለ። ከአክስቴ ልጆች ሁለቱ 18 ዓመት አልሞላቸውም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ፣ የየትም አገር ዜጋ ይሁን፣ ፖምፔይ በየትኛውም ቀን በነፃ ይገባል። መታወቂያ ማሳየት ብቻ ነው። ቢሮው ግን ለልጆቹም እንደ አዋቂ አስከፍሏል። ልጅ ይዛችሁ የምትጓዙ ይህን አንድ ነገር ብቻ ብትጠይቁ ሻጩ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ወዲያው ታውቃላችሁ።

«ያለ ወረፋ» የተባለውስ? ቆምን፤ ያውም በፀሐይ። የደህንነት ፍተሻ ያለው በር ላይ ነው፣ ሁሉም ያልፍበታል። በነፃው እሁድ ደግሞ የኔፕልስ ሰው ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል።

ከገባን በኋላ የተሰጠን ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የከተማዋ ስፋት 66 ሄክታር ገደማ ነው፤ ሲሶው ገና አልተቆፈረም፣ የቀረው ግን በእግር ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እኛ ያየነው አደባባዩን፣ አንድ መታጠቢያ ቤትና ብዙ የሰው ጀርባ ነው። አስጎብኚው ሰዎቹ ሁሉ በላቫ፣ ማለትም ቀልጦ በሚፈስ ድንጋይ፣ ተቃጥለው ሞቱ አለን። ፖምፔይን የቀበራት ላቫ አይደለም፤ ከሰማይ የወረደ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አመድ፣ ከዚያም በመሬት ላይ እየከነፈ የመጣ የጋለ አመድና ጋዝ ነው። በመስታወት ውስጥ የምታዩዋቸው የሰው ቅርጾችም የተገኙት አመዱ በሬሳው ዙሪያ ስለጠነከረ ነው። ሬሳው ሲበሰብስ ባዶ ቦታ ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ጁዜፔ ፊዮሬሊ የቁፋሮው ኃላፊ ሳለ በዚያ ባዶ ቦታ ጂፕሰም እያፈሰሰ ቅርጻቸውን አወጣው። ላቫ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የት ይገኝ ነበር? ይህን የማያውቅ ሰው የአስጎብኚነት ፈቃድ አለው ብዬ አላምንም። አንገቱ ላይም ካርድ አላየሁም።

በጣም ያናደደኝ ሥዕሉ ነው። የፓኬጁ በራሪ ወረቀት ላይ ያለው ፎቶ፣ ያ ደማቅ ቀይ ግድግዳ ያለው ክፍል፣ የምስጢራት ቪላ የሚባለው ቤት ነው። ቤቱ ከከተማዋ ቅጥር ውጭ ነው። በአዘቦት ቀን ርካሹ ቲኬት አያስገባችሁም። እ.ኤ.አ. በ2024 በቅጥሩ ውስጥ ብቻ የሚያስጎበኘው ቲኬት 18 ዩሮ፣ ቪላዎቹን የሚጨምረው 22 ዩሮ ነበር። ታናሽ የአክስቴ ልጅ ያንን ክፍል ለማየት ጓጉታ ነው የመጣችው። «ጊዜ የለንም» ተባለች። ኮራል ሱቁ ጊዜ ነበረው።

አምፊቲያትሩንም፣ ማለትም የግላዲያተሮች ውጊያ ይታይበት የነበረውን ስታዲየም፣ አላየነውም፤ በከተማዋ ሌላ ጫፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ59 የፖምፔይና የጎረቤቷ የኑቼሪያ ደጋፊዎች እዚያ ተደባድበው ብዙ ሰው ስለሞተ የሮም ሴኔት ለአሥር ዓመት ጨዋታ ከልክሎ ነበር። ከስታዲየም መልስ የሚደረግ ጠብ አዲስ እንዳይመስላችሁ። ወፍጮና ምድጃው ያልፈረሰ ዳቦ ቤት፣ ባንኮኒው ላይ ዶሮና ዳክዬ የተሳለበት ምግብ ቤት፣ ዝናብ ሲጥል እግረኛ እየረገጠ የሚሻገርባቸው ትልልቅ ድንጋዮች፣ በመሐላቸው የጋሪ ጎማ የቦረቦረው መስመር፤ እነዚህን ቀስ ብሎ የሚያይ ሰው ነው ፖምፔይን አየሁ የሚለው።

አማልፊውን ልለፈው። ሶሬንቶ ምሳ በላን፣ የባሕር ዳርቻውን በአውቶቡስ መስኮት አየን፣ ተመለስን።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከሮም ኔፕልስ በፈጣን ባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ከቆረጣችሁ ዋጋውም ይረክሳል። ከኔፕልስ ጋሪባልዲ ጣቢያ ቺርኩምቬሱቪያና የሚባለውን የአካባቢ ባቡር በሶሬንቶ መስመር ያዙ። ያረጀና የተጨናነቀ ነው፤ ኪሳችሁን ጠብቁ። የምትወርዱት «ፖምፔይ ስካቪ፣ ቪላ ዴይ ሚስቴሪ» በሚለው ጣቢያ ነው። ፖምፔይ የሚል ስም ያለው ሌላ ጣቢያም ስላለ አትሳሳቱ።

እዚህ ጣቢያ ስትወርዱ ሁለተኛው ወጥመድ ይጠብቃችኋል። አንገቱ ላይ ካርድ ያንጠለጠለ ሰው ፈገግ ብሎ «ቲኬት እዚህ ነው» ይላችኋል። መረጃ መስጫ የሚመስል ጠረጴዛም ያሳያችኋል። የግል ሻጭ ነው። «ዛሬ የቲኬት ቢሮው ሦስት ሰዓት ያስጠብቃል» ቢላችሁ አመስግናችሁ እለፉት። ፖርታ ማሪና የሚባለው እውነተኛው መግቢያ ጥቂት እርምጃ ወደፊት ነው። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ መንግሥት የሰጠውን የፈቃድ ካርድ አሳዩኝ በሉ፤ ስንት ሰዓት እንደሚቆይና በቡድኑ ስንት ሰው እንዳለ ሳትስማሙ ገንዘብ አታውጡ።

ቲኬት ከኢንተርኔት ስትገዙ ደግሞ ከቦታው ከራሱ ድረ ገጽ ይሁን። ከኅዳር 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ በቀን ከ20 ሺህ ሰው በላይ አያስገቡም፤ ቲኬቱም ስም አለበት። በሩ ላይ ከመታወቂያችሁ ጋር ያስተያዩታል። ለሐበሻ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሻጩ በስልክ የሰማውን ስም እንደመሰለው ይጽፋል፤ ወይ የአባትን ስም ይዘለዋል፤ ወይ እማማን በቤት ስማቸው ያስመዘግባል። ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው፣ ፊደል በፊደል አስገቡ። ሌላ ሰው ያልተጠቀመበትን ቲኬት እሸጥላችኋለሁ ቢላችሁ ደግሞ ጭራሽ አትንኩት።

ትልልቅ ሰው ይዛችሁ ከሄዳችሁ ድንጋዩ ወጣ ገባ ነው፤ ጥላም የለም ማለት ይቻላል። ፒያሳ አንፊቴያትሮ በሚባለው በሌላኛው መግቢያ በኩል ግቡ፤ ከዚያ የሚነሳ ለዊልቸርና ለደካማ እግር የተዘጋጀ ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ አለ። ጠርሙስ ያዙ፤ ውስጥ የመጠጥ ውኃ ቧንቧ አለ። ከ30 በ30 በ15 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ቦርሳ አያስገቡም፣ በር ላይ በነፃ ያስቀምጡላችኋል።

የገንዘቡን ነገር ለምትጠይቁኝ፦ አክስቴ የከፈለችው በካርድ ስለነበረ በራሪ ወረቀቱን፣ ደረሰኙንና ነፃ የሚለውን ቲኬት ፎቶ አንስተን ለቢሮው በጽሑፍ አቤት አልን። «መግቢያ የተካተተ ማለት ቲኬቱን እናመጣላችኋለን ማለት ነው» የሚል መልስ መጣ። የልጆቹን ጉዳይ ዝም ብለው አለፉት። አክስቴ አሁን በባንኳ በኩል እየተከራከረች ነው። በጥሬ ገንዘብ ከፍላ ቢሆን ኖሮ ይህም መንገድ አይኖርም ነበር፤ ስለዚህ ቢሮው «በካሽ ከከፈላችሁ እንቀንሳለን» ቢላችሁ እሺ አትበሉ።