«ቀየርነው» ያሉኝ ማዘርቦርድ የራሴው ሆኖ ተገኘ

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የሆነው ዛሬ ጠዋት ነው።

ስድስት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የኅትመት ሥራ አለኝ። ግንቦት ለእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ ወር ነው፤ ተማሪው ፍላሹን ይዞ ይሰለፋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ዋናው ዴስክቶፔ ሥራ መሀል ድርግም ማለት ጀመረ። ዝም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። በተለይ 200 ገጽ ወደ ፒዲኤፍ ስቀይር አይምረኝም።

መገናኛ ወሰድኩት። ቤቱን ባልጠራውም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ፊት ለፊት ላፕቶፕ የተደረደረበት መስታወት፣ ከኋላ በመጋረጃ የተከለለች ክፍል። መጀመሪያ «ፎርማት ይደረግ» ይላሉ። ተደረገ። በማግስቱ ያው ድርግም።

ስመለስ ልጁ ኢቨንት ቪወር የሚባለውን የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፍቶ አሳየኝ። «ከርነል ፓወር 41» የሚል ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። «ይኸው፣ ማዘርቦርዱ ሞቷል» አለኝ፤ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ ማለት ነው። ያ መልእክት ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ እንደሚናገር አሁን ነው ያወቅኩት። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። መብራት ሲሄድም ያው 41 ነው የሚመዘገበው።

«ፓወር ሰፕላዩ ይሆን እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያድለውን ክፍል ማለቴ ነው። ባለቤቱ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እህቴ፣ ይሄ የስፌት መኪና አይደለም» አለ። ልጆቹ ሳቁ። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። የጠየቅኩት ትክክል ነበር።

ለማዘርቦርድ 11,500 ብር ከፈልኩ። ደረሰኝ ስል «በደረሰኝ ከሆነ 15 ፐርሰንት ቫት ትጨምሪያለሽ» አለኝ። ተውኩት። አሮጌውስ ስል ጠረጴዛው ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ እጁን ከቶ አንድ ቦርድ አወጣ። «ይኸው፣ ትወስጂዋለሽ?» ምን ያደርግልኛል ብዬ መለስኩለት።

ትናንት ማታ ቤት አስገባሁት። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለአንዲት ልጅ የምዕራፍ 4ን ሠንጠረዥ እያስተካከልኩ ድርግም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዓምና አንድ ሰው ራም (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን የኮምፒውተሩን ማስታወሻ) ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ማጽዳት አሳይቶኝ ነበር። ማዘርቦርዴ 4 የራም ቦታ አለው፤ ራሞቼ 2 ናቸው። የትኞቹ ቦታዎች ውስጥ እንደነበሩ እንዳይጠፋብኝ አጠገባቸው በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጌ ነበር።

ኤሌክትሪኩን ነቅዬ የጎኑን ክዳን ፈታሁ። መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው። የፕሮሰሰሩ ፋን ሥር እንደ ጥጥ ተጋግሯል። አዲስ በተባለ ቦርድ ላይ፣ በአንድ ሌሊት? የስልኬን መብራት አበራሁ። ሁለቱ ቀይ ነጥቦች ቁጭ ብለዋል። የራሴ የጥፍር ቀለም። እጄ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዱ ነጥብ አጠገብ ራም አለ። ሌላው አጠገብ ባዶ ነው። ማመን አቅቶኝ መልሼ አበራሁትና ታስክ ማናጀር ከፈትኩ። 16 ጊጋ የነበረው ራም 8 ይላል።

ያኔ ነው ካርቶኑ ውስጥ የነበረው ቦርድ ትዝ ያለኝ። የራም ቦታው 2 ብቻ ነበር። የእኔ 4 ነው። ዓይኔ እያየ አላየሁም። ደረሰኙን ሲከለክለኝ መቆም እችል ነበር። ሲስቁብኝ ሲፒዩዬን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) አንስቼ መውጣት እችል ነበር። ሰው ፊት አላዋቂ ላለመምሰል ብዬ ገንዘቤን ቆጥሬ ሰጠሁ።

ደወልኩ። «አንዱ ራም ተበላሽቶ ስለነበር አንስተነዋል» አለኝ። ማዘርቦርዱስ? «እሱን ሠራነው፣ መቀየር ማለት ያው ነው።» ዘጋው። ደግሜ ስደውል አያነሳም።

ጎረቤቴ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ መለኪያውን ይዞ መጣ። ፓወር ሰፕላዬ ላይ 500 ዋት ተጽፏል፤ በእጅ ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ነው። የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 በታች መውረድ የለበትም። የእኔው ሥራ ሲበዛበት 11 ይገባል። የራሱን ነቅሎ ሰካልኝና ያንኑ ከባድ ፋይል ስንቀይር ዋልን። እስከ ማታ 1 ሰዓት አንዴም አልጠፋም። ያገለገለ ደህና ፓወር ሰፕላይ 2,800 ብር ነው ብሎኛል።

ሲፒዩ ለጥገና የምትሰጡ ሰዎች፣ ከመስጠታችሁ በፊት ውስጡን ፎቶ አንሱ። ራሙ ላይ ያለውን ቁጥርም አትርሱ። ማዘርቦርድ ሞቷል ከተባላችሁ መጀመሪያ ሌላ ፓወር ሰፕላይና ሌላ ራም ሰክተው ያሳዩዋችሁ። ስትረከቡ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ይከፈት። ደረሰኙንም እንደኔ አትተዉት።

ነገ ጠዋት ሲፒዩውን ክዳኑ እንደተፈታ ይዤ እሄዳለሁ። ጎረቤቴም አብሮኝ ይመጣል። የልጅቷን ምዕራፍ 4 በእሱ ኮምፒውተር አትመንላታል።