87 ወይስ 93? ቱርቦ መኪና ሲያንኳኳ ብሩ የት ይውጣ

እዚህ ቨርጂኒያ ቱርቦ መኪና የገዛ ወዳጅ ሁሉ ሲደውል ጥያቄው አንድ ነው፣ "ሞተሩ ያንኳኳል፣ 93 ልሙላበት እንዴ?" ማደያ ላይ የሚታየው 87ና 93 የቤንዚኑ የኦክቴን ቁጥር ነው፣ 87 ሬጉላር፣ 93 ፕሪሚየም። መልሴን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የመኪናው መፅሐፍ 87 ካለ 87 ሙሉ፣ የሚተርፈውን ብር ጥሩ ዘይትና ኦሪጅናል ካንዴላ ላይ አውጡት።

ሂሳቡን እንስራው። ሬጉላርና ፕሪሚየም በጋሎን 90 ሳንቲም ይለያያሉ እንበል፣ በአመት 15 ሺህ ማይል የምትነዱ ከሆነና መኪናው በጋሎን 27 ማይል ከሄደ 555 ጋሎን ነው፣ 500 ዶላር ማለት ነው። በ80 ዶላር ሂሳብ ፉል ሲንተቲክ ዘይት ስድስቴ ያስቀይራል። ኡበር የምትሰሩማ እጥፉን አስቡት።

93 ምን ያደርጋል? ቱርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱም ግፊቱም ይበዛል፣ ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ቤንዚን በራሱ ይፈነዳል፣ ኖክ የሚባለው እሱ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ቤንዚኑ ይህን ይቋቋማል፣ በቃ፣ ከዛ ውጪ የበለጠ ንፁህ ነው ማለት አይደለም። ደግሞ ኖኩን የሚያዳምጠው ኖክ ሴንሰር ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ የሚለኩስበትን ሰአት ያዘገየዋል፣ ጉልበት ትንሽ ይቀንሳል። የ2019 ማዝዳ ሲኤክስ 5 ባለ 2.5 ቱርቦ በ93 250 የፈረስ ጉልበት በ87 ደግሞ 227 ነው፣ ፋብሪካው ራሱ ነው ሁለቱንም የፃፈው። ለኔ 23 ፈረስ በአመት 500 ዶላር አያወጣም። የነዳጅ ክዳኑ ላይ ፕሪሚየም ግዴታ ነው የሚል መኪና ግን ክርክር የለውም፣ ሙሉ። 91 የሚል ከሆነና ማደያው 91 ከሌለው ሁለት እጅ 93 ከአንድ እጅ 87 ጋር ስትቀላቅሉ 91 ይመጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ድምፁ የቤንዚን መሆኑን እወቁ። የቤንዚን ኖክ ቀጭን ነው፣ ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ሲነቃነቅ አይነት፣ ሞተሩ ሞቆ ዳገት ላይ በዝቅተኛ አርፒኤም (የሞተር ዙር) ስትረግጡት ይመጣል እግራችሁን ስታነሱ ይጠፋል። ወፍራም ድምፅ ከሆነና መኪናው ቆሞ ነዳጅ ስትሰጡት አብሮ የሚፈጥን ዘይቱ ሲሞቅ ደግሞ የሚብስ ከሆነ ሞተሩ ውስጥ ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ቢየላና የሚሽከረከርበት ብሮንዝ ነው፣ እሱን ምንም አይነት ቤንዚን አያድነውም። አንድ ጓደኛዬን ጋራዥ ውስጥ "93 ሙላበት ይጠፋል" ብለውት ወራት ሙሉ ፕሪሚየም ሲከፍል ኖሮ መጨረሻ ላይ ሞተር አስቀየረ፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል፣ ያ ሁሉ ብር የዘይት ግፊት በማስለካት ይድን ነበር። ሃዩንዳይ በ2015 ወደ 470 ሺህ የሚጠጉ የ2011ና የ2012 ሶናታዎችን ለነፃ ጥገና የጠራው (ሪኮል ያደረገው) በዚሁ በብሮንዝ ችግር ነው፣ 2.0 ቱርቦውም አለበት፣ ስለዚህ ያገለገለ ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ኤንኤችቲኤስኤ (የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት) ድረገፅ ላይ አስገቡና ያልተሰራለት ሪኮል ካለ እዩ፣ ነፃ ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ተንጫጭቶ የሚጠፋው የሞተሩ ቼይን ወይም የኤግዞስት ማኒፎልድ (ከሞተሩ ጭስ የሚወጣበት ቱቦ) ሊሆን ይችላል፣ እሱንም ቤንዚን አይነካውም።

የቤንዚን ኖክ ነው ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ካንዴላውን አስፈቱና ነጩን ሸክላ ፀሀይ ላይ አዙራችሁ እዩት፣ እንደ በርበሬ የደቀቀ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ፍንጣቂ ካለ ሞተሩ በደንብ እየተመታ ነው፣ ያን ጊዜ 93 ሙሉና ምክንያቱን አስፈልጉ። ካንዴላ ስትቀይሩ ኦንላይን አራቱ በ20 ዶላር የሚባለውን አትንኩ፣ ኦሪጅናል ኢሪዲየም አንዱ ብቻ 15 ዶላር አካባቢ ነው። ፎርጅዱን ጫፉ ላይ ታውቁታላችሁ፣ መሀል ያለችው ቀጭን ሽቦ ወደ ጎን ያዘነበለች ናት፣ ብየዳዋ ሸካራ ነው። ዘይቱ ጠርሙሱ ላይ ኤፒአይ ኤስፒ የሚል የጥራት ደረጃ ወይም ከዛ በኋላ የወጣ ያለው ይሁን፣ ኤስፒ በ2020 ሲወጣ ቱርቦ ሞተር በዝቅተኛ አርፒኤም ቀድሞ እንዳይለኮስ የሚፈትን ነው፣ እንደዚህ አይነቱን ኖክ ከቤንዚኑ ይልቅ ዘይቱ ነው የሚከላከለው።

ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረውን ኦክቴን ቡስተር የሚባለውን ጠርሙስ ደግሞ ተውት። "30 ነጥብ ይጨምራል" ሲል አንድ ነጥብ 0.1 ኦክቴን ስለሆነ 3 ብቻ ነው፣ 87 የነበረው 90 ይሆናል፣ ለዛውም ካደረገው። በ10 ዶላር ይሄን ከምትገዙ በ14 ጋሎን 12 ዶላር ከ60 ጨምራችሁ ሙሉ 93 ትሞላላችሁ።